ማሳ ጥየቃ

ሰኞ እኩለ ቀን፣ በጥላ ሰዓት፣ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ሳለ ድምፅ ማጉያው ስሜን ጠራ።

«የአቶ ናሆም ተስፋልደት ማሳ ታሟል። እግዜር ይማረው፣ አላህ ያሽረው። የማረጋገጫ ልኬት ነገ በሰባት ሰዓት።»

ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። ደስታዬን አልችለው ብዬ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ማሳው ታመመ ሲባል የሚያጨበጭብ ምን ዓይነት ጤና ቢስ ነው እንዳትሉኝ። በመንደር ሰባት ውሃ የሚሰጠው ለታመመ ነው። ለኪዋ በየቀኑ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሽጉጧን ይዛ ማሳ ለማሳ ትዞራለች። ሽጉጥ የምንለው ያው የሙቀት መለኪያውን ነው፤ ረጅም የሆነ የመንግሥት ስም አለው፣ በዚያ ስሙ የሚጠራው ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ቅጠሉ ላይ ትደግናለች፣ ትተኩሳለች፣ ሳትነካው ሙቀቱን ታነባለች። ቅጠሉ ከአየሩ በሦስት ዲግሪ ከበለጠ ትኩሳት አለው ማለት ነው። በነጋታው ተደግሞ ከተረጋገጠ የሳምንቱ ውሃ በሚለቀቅበት ሐሙስ ማለዳ የቦዩ በር በራሱ ይከፈትና ውሃው ይመጣል። ካልተረጋገጠ ደህና ነህ፤ ደህና ከሆንክ ደግሞ ውሃ ምን ያደርግልሃል? በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ። ማልቀስ የለም፣ «እኔ እኮ የእገሌ የወንድም ልጅ ነኝ» የለም። ሽጉጧ ዘመድ አታውቅም።

በርበሬዬ አበባ ይዞ ነበር። በርበሬ አበባ ላይ ሳለ ከተጠማ አበባውን ያራግፋል። አበባው ከረገፈ ምርት የለም፣ ምርት ከሌለ መሬቱ የለም። የመንደሩ ደንብ ነው፤ አዲስ ገቢ የመጀመሪያ ምርቱን ካላስገባ መሬቱን ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ያስረክባል። እኔ ደግሞ አስረክቤ የምሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ልጄ ሶልያና ቤት፣ ሳሎን፣ ሶፋው ላይ። ልጄን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምወዳት። ግን ሰው ቤት ውስጥ ዕቃ መሆን ምን እንደሚመስል ዕቃ ሆኖ ያየ ነው የሚያውቀው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ወጥ ቤት እገባ ነበር።

ሹፌር ነበርኩ፤ አገር አቋራጭ። ዕድሜዬን የጨረስኩት መሪ ላይ ነው። አውቶቡሶቹ ብቻቸውን መሄድ ሲጀምሩ ሰበሰቡንና አመሰገኑን፤ ገና ሲያመሰግኑን ነገሩ ገባኝ። በኋላ ቆቦ ሜዳ ላይ መሬት የሚፈልግ ይመዝገብ ተባለ። ጓደኞቼ ሳቁ፣ እኔ ተመዘገብኩ።

ስመጣ ምንም አላውቅም ነበር። የመጀመሪያ ቀን ትንሿን ሽጉጥ ሰጡኝና እኩለ ቀን ላይ ወደ መሬት ደግኜ ተኮስኩ። ሃምሳ ስምንት! «እሳት! ኧረ የሰው ያለህ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቴ እትዬ ህሊና ባልዲ ይዘው እየሮጡ መጡ። ነገሩ ሲገባቸው ባልዲውን ጥለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«አንቱ ሰውዬ፣ የተኮሱት አፈሩን ነው እኮ! አፈርማ በዚህ ሰዓት እንቁላል ይጠብሳል። ቅጠሉን ነው መተኮስ፣ ቅጠሉን!»

አሁንማ ለምጄዋለሁ። እዚህ ትንሿ ሽጉጥ ከማንም ወገብ አትጠፋም። ሻይ ይተኮሳል፣ ልጅ ታጥቦ ሲወጣ ይተኮሳል፣ ባል ሲቆጣ ግንባሩ ይተኮሳል። ሰላምታውም ረዝሟል። «እንዴት አደሩ? ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና? ቅጠሉስ ስንት ዋለ?» «ሠላሳ ሁለት፣ ተመስገን።» የምንሠራው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ትምህርት ቤቱም የሚከፈተው ሲመሽ ነው። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያለው ጥላ ሰዓት ይባላል፤ በዚያ ሰዓት ከጣራ ሥር የሚወጣ ሰው ወይ ለኪ ነው ወይ አብዷል። ሽማግሌዎቹ በልግ የሚባል ዝናብ እንደነበር ያወራሉ። ልጆቹ አይከራከሯቸውም፣ በጨዋ ደንብ ያዳምጧቸዋል።

ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር፤ ብቻ ሰው አልነበረኝም። ከመጣሁ ጀምሮ ቤቴ የገባ የለም። ጠልተውኝ አይደለም፣ ክፉ ቃል ከማንም አልሰማሁም። ግን በዚያች መሬት ላይ ከእኔ በፊት ሌሎች ሹፌሮች መጥተው ሄደዋል። ሰው ስንት ጊዜ ይለምዳል፣ ስንት ጊዜስ ይለያል? «ሹፌሩ» ነበር የሚሉኝ። ምሳዬን ብቻዬን እበላለሁ፣ ሬዲዮኑን ትንሽ እሰድበዋለሁ፣ እተኛለሁ።

ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ኮፍያዬን ደፍቼ ማሳዬ ዳር ቆምኩ። ሰማዩ ላይ ለዓመል እንኳ ደመና የለም። በራሴ ሽጉጥ ቅጠሉን ተኮስኩት፤ አርባ። አየሩ ሠላሳ አምስት ነው።

«በርታልኝ የኔ ጀግና» አልኩት በርበሬውን። «ሐያት እስክትመጣ እንዲሁ ታመምልኝ።»

ሐያት ለኪያችን ናት፤ ቁም ነገረኛ ልጅ ናት፣ ሥራ ላይ ሳቅ አታውቅም። እሷን ለማየት ቀና ስል መንገዱ ላይ አንድ ጃንጥላ አየሁ። ከኋላው ሌላ ጃንጥላ። ከዚያ መንገዱ በሙሉ ጃንጥላ ሆነ፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ ባለ አበባ፣ አንዱ ሽቦው ተሰብሮ ጎኑ የተንጠለጠለ። መንደሩ በሙሉ በጥላ ሰዓት ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ወደ እኔ ይመጣል።

ከፊት የመንደሩ ትልቅ ሰው ሼህ ኑረዲን ናቸው።

«አላህ ያሽርልህ ናሆም» አሉኝ እጄን ጨብጠው። «ሌላው ማሳው ሲታመምበት ወንድም አለው፣ አማች አለው፣ አብሮት የሚቆም አያጣም። አንተ ግን ማንም የለህም። ዘመድ የለውምና ብቻውን ይለካ እንበል? ጥላ ሰዓት ቢሆንስ!»

«ኧረ ለምን ደከማችሁ!» ለማለት ፈልጌ የወጣልኝ «ኧ» ብቻ ነው። እትዬ ህሊና ብርቱካን ይዘዋል፣ አንዷ ወተት በፔርሙዝ ይዛለች። በርበሬውን እንዳይረግጡ በመደቡ መሃል መሃል አንድ በአንድ እየገቡ፣ በሽተኛውን ዝቅ ብለው እያዩ ጠየቁኝ።

«መቼ ጀመረው?»

«ካለፈው ሳምንት ወዲህ ነው።»

«ማዳበሪያ ይቀበላል?»

«ይቀበል ነበር፤ ሰሞኑን ግን እንጃ።»

«አይ ይሄ ትኩሳት! ምን ይሻለዋል!»

ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ጭኜ ሰው አውርጃለሁ። እንዲህ ለእኔ ተብሎ የመጣ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ዓይኔን በኮፍያዬ ጠረግሁ። የሚመጣውን ጉድ ያላየሁት ለዚህ ይመስለኛል።

ሐያት መጣች። ከአራቱም ጥግ ነው የሚለካው። መጀመሪያ ምሥራቁ ጥግ ላይ ቆማ ሽጉጧን ደገነች። ጠያቂው ሁሉ ውጤቱን ለመስማት ከበባት፤ ጃንጥላው ሁሉ አብሮ ከበባት። ሽጉጧ ሥር ያለው በርበሬ በአንድ ጊዜ ጨለመበት። ይባስ ብለው እትዬ ህሊና ባለ አበባ ጃንጥላቸውን ከራሳቸው ላይ አንስተው ለበርበሬው ዘረጉለት።

«ፀሐይ እንዲህ እየመታው እንዴት ይሻለዋል! እናንተም ያዙለት እንጂ!»

ያዙለት። ሁሉም ያዙለት። ሐያት ትንሽ ቆይታ ተኮሰች።

«ሠላሳ ሁለት።»

ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ እንዳለው ሹፌር ቀኝ እግሬ ሳላዘው መሬቱን ረገጠ። ሐያት አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ወደ ሰሜኑ ጥግ ሄደች፤ ጃንጥላው ተከትሏት ሄደ። ሠላሳ ሁለት። ወደ ምዕራቡ ሄደች። ሠላሳ አንድ፤ እዚያ ጥላው ይበልጥ ደንብ ይዞ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ምን ልበል? «ውጡልኝ» ልበል? ብርቱካን ይዞ በእሳት ፀሐይ የመጣን ጠያቂ? አፌን ዘጋሁት። አራተኛውም ጥግ አለፈ።

ወዲያው ድምፅ ማጉያው፦ «የአቶ ናሆም ተስፋልደት ማሳ ድኗል። እንኳን ማረልዎ።»

እልልታው ቀለጠ። ሼህ ኑረዲን አቀፉኝ። «አየህ? ገና እንደመጣን ተሻለው!»

እውነታቸውን ነው፤ ገና እንደመጡ ነው የተሻለው። እኔ ደግሞ እየሳቅሁ አለቀስኩ። የደስታ መሰላቸው። ግማሹ እኮ የደስታ ነበር፣ አልዋሽም።

ሰዉ ሲበተን ሐያት ሽጉጧን እየጠረገች ቀረች።

«ሐያት» አልኳት፣ «የለካሽው ጥላውን ነው እኮ!»

«አይቻለሁ ጋሽ ናሆም። እኔ የምመዘግበው ግን ሽጉጧ ያነበበችውን ነው።»

«ታዲያ ዘወር በሉ አትያቸውም?»

ዓይኗ ፈጠጠ። «ጠያቂን? እናቴ እኮ መሃላቸው ነበረች! እርስዎስ ለምን አላሉም?»

አዘነችልኝ መሰለኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለነገ ድጋሚ ልኬት መጠየቅ ይችላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ከሱ በኋላ እስከሚቀጥለው ሳምንት ምንም የለም። ላስመዝግብልዎ?»

«አስመዝግቢልኝ። ግን በፈጠረሽ ድምፅ ማጉያው እንዳይሰማ።»

«እሱ የማይሰማው ነገር አለ እንዴ?»

የለም። ቤቴ ሳልደርስ ለፈለፈው። «የአቶ ናሆም ተስፋልደት ማሳ እንዳያገረሽበት ተሰግቷል። ድጋሚ ልኬት ነገ በሰባት ሰዓት።» ሼህ ኑረዲን ከአጥራቸው በላይ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። «አይዞህ ወንድሜ! ነገማ መንደር ስምንትንም ይዘን ነው የምንመጣው!»

ረቡዕ ጠዋት ማሳው ውስጥ ስገባ መደቡ ላይ ነጭ ነጭ ነገር አየሁ። አበባ ነው። ብዙ አይደለም፣ ግን ጀምሯል። ቁጢጥ ብዬ አንዱን አነሳሁት፤ ከጥፍሬ አይበልጥም። እስከሚቀጥለው ሳምንት ከቆየ አንድም አይተርፍም። ሶልያና ስትደውልልኝ ድምፄን ሰምታ «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ። «ምንም፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ዘጋሁት።

ያልፈጠርኩት ዘዴ የለም። መንገዱን ልዝጋ? በዚያኛው ዞረው ይመጣሉ። ታመምኩ ልበል? ያኔማ አለቀልኝ፤ ማሳውንም እኔንም ሊጠይቁ ይመጣሉ። እውነቱን ልንገራቸው? «ትናንት መጥታችሁ ገደላችሁኝ» ማለት እኮ ነው። ሼህ ኑረዲን ዕድሜ ልካቸውን ይጸጸታሉ፣ እትዬ ህሊና ጃንጥላቸውን ያቃጥላሉ፣ ቤቴም ደግሞ ሰው አይደርስም። ውሃውንም ሰዉንም እፈልጋለሁ። ሁለቱንም! ይሄ ብዙ ነው እንዴ?

ሰባት ሰዓት ሲቃረብ መጡ። እንደተባለውም መንደር ስምንትን ይዘው ነው። የጃንጥላው ጫፍ ማሳዬ ሲደርስ ኋላው ገና ከትምህርት ቤቱ አልወጣም። የማደርገውን ሳላውቅ መንገዱ መሃል ገባሁ። እጄን ዘረጋሁ፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ፣ አፌም ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

«እሽሽ! አሁን ገና ሸለብ አደረገው።»

ሚስቴ ራሄል፣ ነፍሷን ይማረው፣ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ጠያቂ በዝቶባት መተንፈሻ አጣች። እናቷ በሩ ላይ ቆመው ለጠያቂው ይህችኑ ቃል ይሉ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ሲቀየም አላየሁም፤ ተኝቷል የተባለን በሽተኛ ካልቀሰቀስኩ የሚል ጠያቂ እስካሁን አልተወለደም።

ሰልፉ በሙሉ ቀጥ አለ። እትዬ ህሊና አፋቸውን ያዙ። «ውይ! ተኛልዎ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው ያደረው።»

በርበሬ ሲገላበጥ አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ስገላበጥ አድሬያለሁ፤ ከሁለት አንዳችን ተገላብጠናል።

«ተኛ እንዴ?» «ተኝቷል!» «ተኝቷል ተባለ!» ወሬው በሹክሹክታ እስከ ትምህርት ቤቱ ተላለፈ። ጃንጥላዎቹ ድምፅ እንዳያሰሙ በእጅ ተደግፈው አንድ በአንድ ተዘጉ። ስልኩ የጮኸበት አንድ ሰው ነበር፤ ሁሉም ባዩት ዓይን እኔ አፈርኩለት።

ሼህ ኑረዲን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እንቅልፍ ከወሰደውማ ጥሩ ነው። እኛ የት እንሁን?»

«ቤት ግቡ» አልኩ። «ሁላችሁም ግቡ። ሲነቃ እጠራችኋለሁ።»

በእግር ጣታቸው ገቡ። አልጋዬ ላይ፣ ማዳበሪያው ጆንያ ላይ፣ መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ወንበር አንድ፣ ብርጭቆ ሁለት ነው ያለኝ፤ ማንም ቅር አላለውም። ቤቴ እንደ በዓል ዋዜማ አውቶቡስ ጢም አለ። በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ ማሳው ተመለስኩ።

ሐያት ስትደርስ ማሳው ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ዞር ዞር ብላ አየች፤ በመስኮቱ የተደረደሩትን ራሶች አየች። እናቷ ከመስኮቱ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አስጠነቀቀቻት።

«ተኝቷል» አልኳት።

ሥራ ላይ ሳቅ የማታውቀው ልጅ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መሬት አቀረቀረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ልትገባ ስትል አፈሩ ሃምሳ ስምንት መሆኑ ትዝ አላትና መልሳ አጠለቀችው። በቀስታ ወደ ምሥራቁ ጥግ ሄደች። ፀሐይዋ ቅጠሉ ላይ ቀጥ ብላ ወርዳለች፤ አንዳች የሚከልላት ነገር የለም። ተኮሰች።

«አርባ አንድ» አለች በሹክሹክታ።

ሰሜን አርባ አንድ። ምዕራብ አርባ። አራተኛውን ስትተኩስ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ስገልጠው ራሷን ትነቀንቅልኛለች።

ድምፅ ማጉያው ግን ሹክሹክታ አያውቅም። «የአቶ ናሆም ተስፋልደት ማሳ ትኩሳቱ አገርሽቶበታል! እግዜር ይማረው፣ አላህ ያሽረው! ነገ ማለዳ ውሃ ታዞለታል!»

እትዬ ህሊና ከቤት ተፈናጥረው ወጡና ለድምፅ ማጉያው ጡጫቸውን አወዛወዙ። «ዝም አትልም! ልትቀሰቅሰው ነው እኮ!»

እኔ ልጨፍር ነው፤ ማሳው አገረሸበት ተብሎ ደግሞ አይጨፈርም። ፊቴን በኮፍያዬ ሸፍኜ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሼህ ኑረዲን መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። «አይዞህ፣ ውሃ ታዞለታል፣ ይሻለዋል» ይሉኛል። ትከሻዬ የሚንቀጠቀጠው በሳቅ መሆኑን ያወቀች ሐያት ብቻ ናት፣ እሷም አልተናገረች። ከዚያ ተነስቼ ፓስታ ቀቀልኩ፤ ሹፌር ሌላ ምን ያውቃል! ሳህን ስላልነበረኝ ሰዉ ከየቤቱ እያመጣ በላ። የበሉትም በሹክሹክታ ነው።

ሐሙስ ማለዳ የቦዩ በር በራሱ ተከፈተ። ውሃው መደቡን እየላሰ ሲመጣ ሱሪዬን ጠቅልዬ አብሬው ገባሁ፤ ለእያንዳንዷ የበርበሬ እግር እስኪደርስላት እየተከተልኩት ሄድኩ። የቀረው አበባ ብዙ ነው፤ ይበቃል። ሰባት ሰዓት ላይ ሐያት ተኮሰችው። ሃያ ዘጠኝ፤ ከአየሩም በታች!

«አላበው» አለችኝ። «ውሃ ያገኘ ቅጠል እንዲህ ነው፣ ያልበዋል፣ ይቀዘቅዛል። በቃ ድኗል ጋሽ ናሆም፣ የአሁኑ የእውነት ነው።»

ቀና ስል መንገዱ ላይ ቆመዋል። ዛሬም ጥላ ሰዓት ላይ ወጥተዋል። እንዳይረብሹ ብለው ጃንጥላቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ፀሐዩ እየጠበሳቸው፣ ማንም አልገባም። እትዬ ህሊና አንገታቸውን አስግገው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

«ነቃ?»

ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቆሜ፣ መናኸሪያ ውስጥ እንደምጮኸው ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

«ነቅቷል! ግቡ! ጃንጥላችሁን ዘርጉና ግቡ፣ ቦታ አለ!»